ከብሪጁ አጠገብ ያለው ማግኔት

ማሲንቆ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ቢገጠም ድምፅ አይወጣም። አዝማሪው ደጋኑን ቢስብ፣ ጣቱን በአንገቱ ላይ ቢያመላልስ፣ አምፑ እስከ መጨረሻው ቢከፈት ከስፒከሩ የሚሰማው ባዶ እሽታ ነው። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ የጊታር ፒክአፕ ደግሞ ከብረት ሌላ የሚያውቀው የለም።

ጎጃም ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሲነሳ ማሲንቆ ይቀድማልና ነገሩን ከዚህ መጀመሩ ተገቢ ነው። የጎጃሟን ደብረ ኤልያስን ብዙ ሰው የሚያውቃት በቅኔ ትምህርቷ ነው፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዷ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ልጅ ጊታር ከመያዙ በፊት ጆሮው ብዙ ሰምቷል። የደብተራውን ዜማ ሰምቷል፤ አዝማሪ ስንኙን ሲያወርድ ማሲንቆው ከኋላ እየተከተለ እንዴት እንደሚደግምለት ያውቃል። አድጎ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲገዛ የሚፈልገው ድምፅ አስቀድሞ ጆሮው ውስጥ አለ። ጊታሩ ግን ያንን ድምፅ አይሰጠውም። በተለይ ከብሪጁ፣ ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ ከሚያርፉበት ቦታ፣ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ወይ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ወይ ይታፈናል፣ ወይ አምፑ ከፍ ሲል ያፏጫል። «ፒክአፑን ልቀይረው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

ለመቀየር መጀመሪያ የሚቀየረውን ማወቅ ይበጃል። ፒክአፕ ማይክሮፎን አይደለም። ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ይቀበላል፤ ፒክአፕ ግን ከክሩ ሥር የተቀመጠ ማግኔትና ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ማግኔቱ በላዩ የተወጠረውን የብረት ክር እሱንም ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ተመትቶ በተርገበገበ ቁጥር በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ ከዚያ መለዋወጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይመነጫል። በኬብሉ ወደ አምፑ የሚሄደው ይኸው ነው። የፈረስ ጭራና የበገና ጅማት ማግኔት ስለማይስባቸው በዚህ መንገድ አይሰሙም። ማሲንቆ መድረክ ላይ በማይክሮፎን፣ ወይም ገላው ላይ በሚለጠፍ ንዝረት ተቀባይ የሚታገዘው ለዚህ ነው። ክራር ግን ዕድለኛ ነው፤ ክሩ በብረት ከተተካ ማግኔት ይሰማዋል። በለንደን የተመስገን ዘለቀ «ክራር ኮሌክቲቭ»፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ መሰለ አስማማው ክራርን ኤሌክትሪክ አድርገው እንደ ሊድ ጊታር ሊያስጮኹት እንደሚቻል በየመድረኩ አሳይተዋል።

ጥቅል ሽቦ አንድ አመል አለው፤ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ ሁካታ ሁሉ ይሰበስባል። ከጣሪያው የተሰቀለው ፍሎረሰንት፣ የአምፑ ትራንስፎርመር፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው መስመር ሁሉም ወደ ጊታሩ ይገባሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ከስፒከሩ የሚወጣው «ዝዝዝ» በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ ያርፋል። የጊታር ስድስተኛ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚሰጠው ጂ ኖታ ደግሞ 98 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ትዝታን ከጂ ተነስቶ የሚጫወት ሰው ከራሱ ድምፅ በሁለት ኸርዝ ብቻ የራቀ፣ ከቅኝቱ የወጣ ሌላ ድምፅ ሳያባራ አብሮት ይዘፍናል። ይህን ችሎ የሚጫወት ጆሮ ማግኘት ይከብዳል።

መፍትሔው የመጣው ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ በጊብሰን ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው ከሴዝ ላቨር ነው። ላቨር አንድ ጥቅል በነበረበት ቦታ ሁለት ጎን ለጎን አስቀመጠ። በአንዱ የማግኔቱ ሰሜን ወደ ክሮቹ ዞረ፣ በሌላው ደቡቡ፤ ሽቦዎቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ተያያዙ። ከውጭ የሚመጣው ሁካታ ማግኔቱ ወዴት እንደዞረ አያገባውም፤ በሁለቱ ጥቅሎች ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ ይመጣና እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን አንድ ጊዜ በማግኔቱ፣ አንድ ጊዜ በሽቦው ስለሚገለበጥ ተመልሶ አንድ አቅጣጫ ይይዝና ይደመራል። ሃምበከር የሚባለው ፒክአፕ ይህ ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻው የገባው እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1955፣ የተፈቀደው ጁላይ 28 ቀን 1959 ነው። በጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሮች ላይ ግን በ1957 ወጥቶ ነበርና ከሥሩ «የፈጠራ መብት ተጠይቋል» የሚል ትንሽ ጥቁር ወረቀት ይለጠፍበት ነበር። ሙዚቀኞች እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን ፒክአፕ በዚያች ወረቀት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት «ፒ.ኤ.ኤፍ.» ይሉታል። መብቱ ከተፈቀደ በኋላ ጊብሰን ያሳተመው አዲሱ ወረቀት ደግሞ የፒክአፑን ሳይሆን የሌስ ፖልን የክር ማሰሪያ ቁጥር ይዞ መውጣቱ በታሪኩ ውስጥ ከሚነገሩ እውነተኛ ነገሮች አንዱ ነው።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ፒክአፖች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ነበር። የጥምጠማው ማሽን በተወሰነ ዙር ላይ በትክክል አይቆምም፤ ማግኔቱም የአንድ ደረጃ አልነበረም፣ የተገኘው ይገባ ነበር። የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በአንዱ 7 ኪሎ ኦም፣ በሌላው 9 ኪሎ ኦም ይለካል። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ወርቅ የሚሽቀዳደሙባቸው እነዚህ ፒክአፖች መጠነኛ ጉልበት ብቻ የነበራቸው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጉልበቱ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ላሪ ዲማርዚዮ «ሱፐር ዲስቶርሽን» የተባለውን ሃምበከር አወጣ። ከፋብሪካ የመጣውን ነቅሎ በሌላ ለመተካት ተብሎ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ፒክአፕ ይህ ነው ይባልለታል። በአልኒኮ ፈንታ የሴራሚክ ማግኔት፣ በርከት ያለ ዙር ሽቦ ነበረው፤ የተሠራውም በብሪጅ በኩል ተገጥሞ የአምፑን መግቢያ እንዲያስጨንቅ ነው። በ1976 ሲሞር ደንከን ከካቲ ካርተር ደንከን ጋር ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ላይ የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ «ጄቢ» የሚባለው ፒክአፑ እስከ ዛሬ በብሪጅ በኩል ብዙ ከሚገጠሙት አንዱ ነው። የመተኪያ ፒክአፕ ገበያ የተወለደው እንዲህ ነው።

በዚያው በ1976 አዲስ አበባ፣ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አይቤክስ ባንድ መሣሪያውን ዘርግቷል። በብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ሉንድግሬን ባለአራት ትራክ መቅረጫ ይዞ ይቀርጻል። ዘፋኝ የለም፤ ሙዚቃው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው። ጆቫኒ ሪኮ ባሱን፣ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ጊታሩን ይዘዋል። አይቤክስ በ1975 ከማሕሙድ አህመድ ጋር «እረ መላ መላ»ን የሠራ፣ በኋላም «ሮሃ» በሚል ስም የካሴቱን ዘመን በድምፁ የሞላ ባንድ ነው።

ያንን ቅጂ ጊታሩን ብቻ እየተከተሉ ማዳመጥ ፒክአፕ ለሚመርጥ ሰው ከማንኛውም ካታሎግ ይበልጣል። ጊታሩ አይጮኽም። አጫጭርና ፈጣን ምቶች በባሱና በከበሮው መካከል ክፍተት እየፈለጉ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ምት ከየት እንደጀመረና የት እንዳበቃ ይለያል። ዜማው ሲመጣ ተጫዋቹ ኖታውን በቀጥታ አይመታውም፤ ከሥሩ ተንሸራቶ ይደርስበታል፣ አንዴ ከደረሰ በኋላም ይደጋግመዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። የማሲንቆና የክራር ለዛ በጊታር ሲመጣ እንዲህ ነው። በችክችካ ምት ላይ ይህን ሁሉ ጌጥ የሚሸከም ፒክአፕ መጀመሪያ የሚፈለግበት የምቱን አፍ ጥርት አድርጎ ማውጣት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ተጫዋቹ በቀስታ ሲነካ ቀስ ማለት፣ በኃይል ሲመታ መበርታት አለበት።

ሞቅ ያለ ጉልበት የሚጠይቅ የኢትዮጵያ ሙዚቃም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» የአገሩን ቅኝት በከባድ የሮክ ጊታር ላይ ያስቀመጠ ሥራ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነበር፤ በ2001 የጎጃም ቻግኒ ተወላጅ የሆነችውን የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» አልበም ያዘጋጀውም እሱ ነው። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን የሰማ ሰው አንድ ፕሮዲዩሰር ለጂጂ ድምፅ ሰፊ ቦታ ሲለቅ፣ ለጃኖ ደግሞ ጊታሩን ፊት ሲያመጣ ያያል። ፒክአፕ ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ጊታሩ ከዘፋኙ ኋላ ነው የሚቆመው ወይስ ከፊት?

ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ካታሎጉ ላይ አንዱ 8 ኪሎ ኦም፣ ሌላው 16 ኪሎ ኦም ተብሎ ተጽፏል፤ 16ቱ እጥፍ ጉልበት ያለው ይመስላል። አይደለም። በጥንቱ ዓይነት ሃምበከር እያንዳንዱ ጥቅል 5,000 ዙር ያህል ሽቦ አለው። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ያን ሁሉ የያዘው ከመዳፍ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ሽቦው 0.063 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በመለኪያው 42 የሚባለው ሲሆን ንባቡ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ይመጣል። ያንኑ ያህል ርዝመት 44 በሚባለው፣ 0.05 ሚሊ ሜትር በሆነው ሽቦ ቢጠመጠም፣ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨመር ንባቡ ወደ 13 ኪሎ ኦም ይወጣል። ሽቦው ስለቀጠነ ብቻ ነው። የ«ጄቢ» ንባብ 16.4 ኪሎ ኦም ያህል ነው፤ የ«ሱፐር ዲስቶርሽን» ደግሞ 13.7 ገደማ፤ ሆኖም ሁለተኛው በንባቡ አንሶ ከኃይለኞቹ ተርታ የሚቆጠር ነው። ልዩነቱ ማግኔቱና የሽቦው ዓይነት ነው።

ንባቡ በአየሩ ሙቀትም ይቀየራል። የመዳብ ተቃውሞ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመቶ 0.39 ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 8 ኪሎ ኦም ያነበበ ፒክአፕ ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ በ30 ዲግሪ ቢለካ 8.3 ይላል። ድምፁ አልተለወጠም። የኦም ንባብ የሚጠቅመው ሽቦ መበጠሱን ለማወቅና ሁለት አንድ ዓይነት ፒክአፖችን ለማነጻጸር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ይነግረኛል ብሎ ገንዘብ ማውጣት ስህተት ነው።

ታዲያ ምኑን ማየት ይሻላል? መጀመሪያ ማግኔቱን። አልኒኮ ብረት ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ለስለስ ያለ፣ የምቱን አፍ ጥቂት የሚያሟሟ ድምፅ አለው። አምስተኛው ጠንከር ይላል፤ ወፍራሙ ክር አይላላም፣ ቀጭኑም ብርሃን አለው። ሴራሚክ ከሁለቱም ይበረታል፤ በዲስቶርሽን ውስጥ ምቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ዲስቶርሽኑ ሲጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ሁለተኛው ነገር የዙሩ ብዛት ነው። ዙር ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ከላይ ያለው ጥራት ግን ይቀንሳል። ሁለቱን አብሮ ማግኘት አይቻልም። ሻጭ «ይህ ሁለቱንም ያደርጋል» ሲል ገዢው ሊጠራጠር ይገባዋል።

በብሪጅ በኩል ይህ ሚዛን ይበልጥ ይጠብቃል። ልጆች ገመድ ሲዘሉ መሃሉ ከፍ ብሎ ሲዞር በእጃቸው የያዙት ጫፍ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ የጊታር ክርም ብሪጁ ጋ እንዲሁ ነው። እዚያ ያለው ፒክአፕ የሚያገኘው ትንሽ እንቅስቃሴና ብዙ ቀጭን ድምፅ ነው። ፋብሪካዎች የብሪጁን ፒክአፕ ከአንገቱ ይልቅ ጥቂት ዙር ጨምረው የሚሠሩት ይህን ለማካካስ ነው። ስለዚህ «ብሪጅ» ተብሎ የተሠራውን መግዛት እንጂ ከአንገት የተነቀለን ወደ ብሪጅ ማዛወር አይመከርም። ስፋቱም አለ። ክሮቹ ወደ ብሪጅ ሲጠጉ ይራራቃሉ። በጊብሰን ዓይነት ጊታሮች የፒክአፑ ብሎኖች ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ፤ የሚወዛወዝ ብሪጅ ባላቸው ጊታሮች ከ51 እስከ 53። ከመግዛት በፊት ከአንደኛው ክር እስከ ስድስተኛው ያለውን ርቀት በማስመሪያ፣ ልክ ፒክአፑ ላይ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የመድረክ ጊታሪስት ከሚያመርራቸው ነገሮች ግማሹ ግን ያለ አዲስ ፒክአፕ ይፈታል፤ አዲስ ዕቃ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ በሚጠበቅበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ቁመቱ ነው። ሁለቱን ዳርቻ ክሮች በየተራ መጨረሻው ፍሬት ላይ ጫን አድርጎ፣ በክሩ ሥርና በፒክአፑ ብሎን መካከል ያለውን ክፍተት መለካት ነው። በቀጭኑ ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ በወፍራሙ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በትንሽ ካቻቢቴ በፒክአፑ ጎንና ጎን ያሉትን ብሎኖች ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር እያሉ ማዳመጥ ነው። ከሥር ያለው ሞላ ፒክአፑን ይይዘዋል። የታፈነ የመሰለ ፒክአፕ ዝቅ ሲል ሲከፈት፣ ቆርቆሮ የሚመስለው ከፍ ሲል ሲወፍር ብዙ ጊዜ ይታያል። ቀጥሎ የቮልዩሙ ፖት፣ ከማዞሪያው ሥር ያለው ተቆጣጣሪ፣ ነው። ለሃምበከር የሚስማማው 500 ኪሎ ኦም ነው። 250 ከተገጠመ ከላይ ያለው ብርሃን ወደ ግራውንድ ይፈስሳል፤ ጊታሪስቱም ጥፋቱን ፒክአፑ ላይ ያደርጋል።

ጊታሩን ሳይከፍቱም አንድ ነገር ማወቅ ይቻላል። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክቶ፣ መምረጫውን ወደ ብሪጅ አድርጎ፣ ቮልዩሙን እስከ 10 ከፍቶ በኬብሉ ሌላ ጫፍ ላይ መልቲሜትር ማድረግ ነው። 8 ኪሎ ኦም ያለው ፒክአፕ በ500ው ፖት በኩል 7.9 አካባቢ ያነባል። ግማሹን፣ 4 ገደማ ካነበበ ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱ ተለይቶ ወጥቷል፤ ሩቡን፣ 2 ገደማ ካነበበ ሁለቱ በትይዩ ተያይዘዋል። ንባቡ ከ500 አካባቢ ካልወረደ ሽቦው ተበጥሷል፤ ያኔ መቀየር ግድ ነው።

ሁሉ ታይቶ መቀየር ካስፈለገ፣ የጊታር ጠጋኝ በሌለበት የጎጃም ከተማ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ባለሙያ ሥራውን ይችለዋል። ሶልደር የየዕለት ሥራው ነው። የሚያስፈልገው የሽቦውን ቀለም ትርጉም ማወቅ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ፒክአፕ በከንቱ የሚወቀሰው። በሲሞር ደንከን ፒክአፕ ጥቁሩ ሽቦ ድምፁን የሚያወጣው ነው፤ አረንጓዴውና ልብስ የሌለው ሽቦ አንድ ላይ ወደ ግራውንድ ይሄዳሉ፤ ቀዩና ነጩ እርስ በርስ ተያይዘው በፕላስተር ይሸፈናሉ። በዲማርዚዮ ግን ድምፁ በቀዩ ይወጣል፣ የሚያያዙት ጥቁሩና ነጩ ናቸው። የዲማርዚዮን ፒክአፕ በደንከን ቀለም የገጠመ ሰው አንደኛውን ጥቅል ገልብጦታል። የክሩ ድምፅ ይጠፋፋል፣ ሁካታው ይደመራል፤ ሴዝ ላቨር ያስተካከለው ሁሉ ተመልሶ ይበላሻል። ፒክአፑ ቀጥኖ ሲያለቅስና «ዝዝዝ» ሲል አዲሱ ዕቃ ተበላሽቷል ከማለት በፊት ቀለሙን ማየት ይገባል። ብሪጁ ብቻውን ጥሩ ሆኖ ከአንገቱ ጋር በመሃለኛው ቦታ ሲከፈት ብቻ የሚቀጥን ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ፒክአፖች ተቃርነዋል። ከአንዱ ላይ ድምፁን የሚያወጣውንና አረንጓዴውን ሽቦ ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል፤ ልብስ የሌለው ሽቦ ግን ከግራውንድ አይነሳም።

ፉጨትም ከዚህ ጋር መነሳት አለበት። አምፑ ከፍ ሲል ክር ሳይነካ ጩኸት የሚያወጣ ፒክአፕ ውስጥ ሽቦው ላልቷል፤ በስፒከሩ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ያም ተመልሶ ወደ አምፑ ይገባል። ፋብሪካዎች ይህን የሚከላከሉት ጥቅሉን በሟሟ ፓራፊን ውስጥ በመዝፈቅ ነው፤ ፓራፊኑ እንዳይሰነጠቅም ጥቂት የንብ ሰም ይጨምሩበታል። ጎጃም ለዚህ ሩቅ አይሄድም፤ ማርና ሰም ያገሩ ሀብት ነው። ጥንቃቄው ግን ጠበቅ ያለ ነው። ሰሙ በእሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ነው የሚሟሟው፣ ቴርሞሜትርም ያስፈልጋል። ከ65 ዲግሪ ብዙ ከበለጠ ሽቦው የተጠመጠመበት ፕላስቲክ ይጣመማል፤ ያኔ ፒክአፑ አይድንም።

ሃምበከር የማይፈታው ሁካታም አለ። ክሮቹን በእጅ ሲነኩ የሚጠፋ፣ ሲለቁ የሚመለስ ጩኸት ከጊታሩ ሽፋን ወይም ከቤቱ መስመር ነው የሚመጣው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋው ነው። በሰርግ ዳስ ውስጥ ጄኔሬተር ተነስቶ፣ አርዝ ያልተቀበረለት ገመድ ተዘርግቶ አምፑ ከአንድ ሶኬት፣ የማይክሮፎኑ ሚክሰር ከሌላ ሶኬት ይሰካሉ። ዘፋኙ ጊታሩን እንደያዘ ከንፈሩ የማይክሮፎኑን ብረት ሲነካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰውነቱ ውስጥ ያልፋል። ይህ ሙዚቀኛ ሊገድል ይችላል። ከመጀመር በፊት በመልቲሜትር፣ በኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ በጊታሩ ብሪጅ ሌላውን በማይክሮፎኑ ብረት ላይ መለካት የሁልጊዜ ልማድ መሆን አለበት። ሁለቱንም ከአንድ አርዝ ካለው መስመር ማውጣት ግዴታ ነው። ማንኛውም ጊታር ጠጋኝ ወይም ድምፅ ባለሙያ «ጥሩ ፒክአፕ የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ከዚህ ቢጀምር ያምርበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የጆሮ ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም ፍርድ መስጠት ይቻላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እየተዘዋወረ ለሚጫወት፣ ከዘፋኝ ጀርባ ለሚቆም፣ አንዴ ለሰርግ አንዴ ለሆቴል ለሚጠራ የአማርኛ ሙዚቃ ጊታሪስት የሚሻለው በብሪጅ በኩል አልኒኮ 5 ማግኔት ያለው፣ በ42 ሽቦ የተጠመጠመ፣ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ኦም የሚያነብ የፒ.ኤ.ኤፍ. ዓይነት ነው። በዚህ ደረጃ የሲሞር ደንከን «59» የብሪጅ ሞዴል የታወቀ ምሳሌ ነው። አራት ሽቦ ያለውን መምረጥ ይበጃል፤ በኋላ አንዱን ጥቅል ብቻ ለመክፈት ቢፈለግ ይቻላልና። ምሽቱን ሙሉ በዲስቶርሽን የሚያሳልፍ የሮክ ተጫዋች «ጄቢ»ን ወይም «ሱፐር ዲስቶርሽን»ን ቢገጥም አይጸጸትም። ባትሪ የሚፈልጉት፣ እንደ ኢ.ኤም.ጂ. 81 ያሉት ንጹሕና ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ግን 9 ቮልት ባትሪያቸው ሲሞት ድምፁም አብሮ ይሞታል፣ ፖቶቹም አብረው መቀየር አለባቸው። መጠባበቂያ ባትሪ ሁልጊዜ በኪሱ ለማይይዝ ሰው አይመከሩም።

የድሮውን ፒክአፕም ሽቦውን ሳያሳጥሩ ነቅሎ፣ የተነቀለበትን ቦታና ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል። አምፕ ሲቀየር ጊታሪስቱ ተመልሶ የሚፈልገው እሱን ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓትና ጥቂት ሶልደር ብቻ ነው።